ኤልኤን85 ሃይሉክስን ፎር ዊል ማድረግ፦ ከየት ይጀመራል? ምን ይገዛል?

ጤፍ ጫኝ፦
ሰላም ለቤቱ። መኪናው ቶዮታ ሃይሉክስ ኤልኤን85 ነው፤ ሲንግል ጋቢና፣ 2ኤል ናፍጣ፣ ባለ አምስት ማርሽ፣ በኋላ እግሩ ብቻ የሚሄድ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ሻንሲውም አልዛገም። ሥራው ከገጠር እህል ማውጣት ነው። በጋውን እንከን የለውም፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን መረሬው (ተጣባቂው ጥቁር አፈር) ላይ ባዶውንም ይሰምጣል።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። 2ኤል ሞተር ላይ የፎር ዊል ካምቢዮ ይቀመጣል ወይ? የፊት እግሩ ከየትኛው መኪና ቢመጣ ይሻላል? በራሱ ሻንሲ ላይ ይበየዳል ወይስ የፎር ዊል ሻንሲ ይፈለጋል? ሽጠህ ሌላ ግዛ የሚለውን ምክር ሰምቼዋለሁ፤ እሱን አሳልፉልኝ።

ካምቢዮ ቤት፦
ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄህ ከሦስቱ ቀላሉ ነው። 2ኤል (2446 ሲሲ)፣ 3ኤል (2779 ሲሲ) እና 5ኤል (2986 ሲሲ) አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ፊት አንድ ዓይነት ነው። ከ3ኤል ፎር ዊል የወጣ ካምቢዮ ከነትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ እግር የሚያከፋፍለው ሳጥን) 2ኤል ጀርባ ላይ በቡሎኑ ልክ ይቀመጣል። ከቤንዚን ሃይሉክስ የወጣው፣ 22አርም ይሁን 4ዋይ፣ ፊቱ ሌላ ስለሆነ በነፃ ቢሰጡህ እንኳ አትውሰደው።

የማይሆነው ነገር፣ ያለህን ካምቢዮ ይዘህ ትራንስፈር ብቻ መግዛት ነው። የቱ ዊሉ መውጫ ዘንግ በካምቢዮው ጅራት ውስጥ አልፎ ካርዳኑን (ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚወስደውን ረጅም ዘንግ) በቀጥታ ይቀበላል። የፎር ዊሉ ግን በተለየ ልክ የተሠራ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ትራንስፈሩ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሠራው። ጅራቱን ቆርጦ ማጋባት አይቻልም። ዘንጉን ብቻ ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮውን ሙሉ በሙሉ መበተን አለብህ፤ ያን ሁሉ ከምትደክም ሙሉውን ግዛ።

ካምቢዮና ትራንስፈር ከተለያየ ሰው የምትገዛ ከሆነ ጥርሱን ቁጠር። ባለ 21 አለ፣ ባለ 23 አለ፤ ሁለቱ አይጋቡም። ትራንስፈሩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። በጥርስ የሚሠራው ሎው (ዝግተኛው የፎር ዊል ማርሽ) ላይ ጉልበቱን 2.28 ጊዜ ያበዛል። በሰንሰለት የሚሠራው፣ በባለ ስድስት ሲሊንደሮቹ የሚታወቀው፣ 2.57 ነው። ለአንተ ሥራ በጥርስ የሚሠራውን እመርጣለሁ፤ አሮጌ ሲሆን ይጮኻል እንጂ አይከዳም። ሰንሰለቱ ሲረዝም ግን በጭነት ላይ ጥርስ ይዘላል፤ የሚዘለው ደግሞ በጣም በሚያስፈልግህ ሰዓት ነው።

ከካምቢዮው ጋር አብሮ መምጣት ያለባቸው ትናንሽ ዕቃዎች አሉ፤ ኋላ ለየብቻ ፍለጋ ከተገባ ሥራውን የሚያስቆሙት እነሱ ናቸው። ካምቢዮው የሚቀመጥበት ተሸካሚ ብረት ከነጎሚኒው፣ ሁለቱም ማርሽ መለወጫ ዘንጎች ከነጫማቸው፣ የኪሎ ሜትር ኬብሉ (ፎር ዊሉ ላይ ከትራንስፈሩ ነው የሚነሳው)፣ የፎር ዊል መብራት ስዊች፣ የሞተሩ ዘይት ቋት ከነመምጠጫው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የቱ ዊሉ የዘይት ቋት ከሥሩ አክስል ያልፋል ተብሎ አልተሠራም፤ ባሌስትራው ጉድጓድ ላይ ሲጨመቅ አክስሉ ቋቱን ይመታል።

ብረት ለብረት፦
ስለ ሻንሲው እኔ ልመልስ።

የኤልኤን85 የፊት እግር በቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ስፕሪንግ በሚሠራ ዘንግ) ላይ የቆመ፣ ላይና ታች ክንድ ያለው፣ ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ነው። የፎር ዊሉ ሃይሉክስ የኤልኤን106 ደግሞ ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ወጥ አክስል ሆኖ በባሌስትራ ላይ ይተኛል። ሁለቱም በፈረንጆቹ ከ1988 እስከ 1997 የተሠራው ትውልድ ናቸው፤ ጋቢናቸው ሲታይ መንታ ይመስላሉ። የሻንሲያቸው ፊት ግን ሌላና ሌላ ነው። የ85ቱ ሻንሲ ፊት ላይ የባሌስትራ መያዣ የለም፤ የመሪ ሳጥኑም የሚጎትተው ለሌላ ዓይነት እግር በተሠራ ዘንግ ነው።

ስለዚህ ያለህ መንገድ ሦስት ነው። ፊቱ ለየብቻ የሚንቀሳቀሰውን የፎር ዊል እግር ቆርጦ ማምጣት አንዱ ነው፤ አታስበው። የላይ ክንዱ፣ የታች ክንዱ፣ የቶርሽን ባሩና የዲፍረንሻሉ መያዣ ሁሉ በሚሊሜትር መገጣጠም አለባቸው፤ በገመድና በሜትር የሚለካ ጋራዥ ይህን አይሠራውም፤ ጎማ በአንድ ወር ይበላል። ሁለተኛው በራስህ ሻንሲ ላይ የ106ን አክስል በባሌስትራ መስቀል ነው። ይሠራል፤ ግን የብየዳው ጥራት ሕይወትህን ይይዛል። ሦስተኛው፣ እኔ የምለው፣ ጋቢናው የተጎዳ ኤልኤን106 ፈልገህ ሻንሲውን ከነእግሮቹ፣ ከነካርዳኖቹ፣ ከነመሪ ሳጥኑ፣ ከነፍሬን ቧንቧው መውሰድ፣ የአንተን ሞተር፣ ጋቢናና ካሶኒ ማውረስ ነው።

ዋጋው ሲታይ ሦስተኛው ውድ ይመስላል። ሁለተኛውን መንገድ ስትጨርስ ግን አክስል፣ ባሌስትራ፣ የመሪ ሳጥን፣ ካርዳን፣ የኋላ እግር፣ ቸርኬ አንድ በአንድ ገዝተሃቸዋል፤ በዚያ ላይ የብየዳና የቶርኖ እጅ ተጨምሮበታል። ሙሉ መኪና ተገንጥሎ ሲሸጥ ድምሩ ከሙሉው እንደሚበልጥ ሶማሌ ተራ ዕቃ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

ሻንሲ ስትገዛ መጀመሪያ የምትለካው ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለውን ርቀት ነው። ሲንግልና ደብል ጋቢና፣ አጭርና ረጅም ካሶኒ ሻንሲያቸው ይለያያል። ቀጥሎ የጋቢናው ጎሚኒዎች የሚቀመጡበትን ቦታ በሰያፍ ለካ፤ ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ። ልዩነቱ ከ5 ሚሊሜትር ካለፈ ሻንሲው ተመትቶ ነበር ማለት ነው፤ ተወው።

ናፍጣ 88፦
የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ተዘሏል። ሻንሲ ቀየርክ ማለት የሻንሲ ቁጥር ቀየርክ ማለት ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ነው። ቦሎ ልታወጣ ስትሄድ ቁጥሩ ካልገጠመ መኪናው እንደ ተሰረቀ ሊታይ ይችላል።

ብረት ለብረት፦
@ናፍጣ 88 እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ብረት ከመቆረጡ በፊት መንገድ ትራንስፖርት የሚኬደው። መኪናው የተመዘገበበት ቅርንጫፍ በጽሑፍ ጠይቀህ፣ ፈቃዱንና የሚፈልጉትን የቴክኒክ ምርመራ አውቀህ ነው ሻንሲ የምትገዛው። ሻንሲውም ሊብሬ ያለውና በስም ሽያጭ የሚሄድ መሆን አለበት። ወረቀት የሌለው ሻንሲ ግማሽ ዋጋ ቢሆንም አይገዛም። የድሮውን ቁጥር ቆርጦ አዲሱ ሻንሲ ላይ መበየድ ወይም ቁጥር መምታት ደግሞ ወንጀል ነው፤ ይህን የሚያቀርብልህ ጋራዥ ካለ ሌላውንም ሥራ አትስጠው።

ፈቃዱ አልመጣም እንበል፤ ያኔ የሚቀርህ ሁለተኛው መንገድ ነው፣ የራስህ ሻንሲ ላይ አክስል መስቀል። እሱም ቢሆን ለውጥ ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ጤፍ ጫኝ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱንም ለማወቅ ያህል፣ አክስሉን ለብቻው የሚሸጥ ሰው አለ። አክስል ሲገዛ ምኑ ነው የሚታየው?

አሮጌው መፍቻ፦
ልጄ፣ የ106 የፊት አክስል ከውጭ ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል። መጀመሪያ ጎማው በሚታሰርበት በኩል ያዘውና ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ አዙረው። አዟዟሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ክብደት ሊኖረው ይገባል። መሐል ላይ ደርሶ ጎድጎድ ብሎ የሚቆም ከሆነ የላይና የታች ኩሽኔታዎቹ ቦታቸውን በልተዋል። ያ መኪና በሰዓት 60 ወይም 70 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መሪው በኃይል መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መሪ ላይ ሾክ አብዞርበር ጨምረው ይሸፍኑታል፤ በሽታው ግን እዚያው አለ። አራቱንም ኩሽኔታ ቀይረህ፣ ሥራቸው ያሉትን ስስ ሉሆች እያበዛህና እያሳነስህ ጥብቀቱን ማስተካከል ነው መድኃኒቱ። ሉሆቹ ከየትኛው ወገን፣ ከላይ ወይስ ከታች እንደወጡ ሳትጽፍ አትፍታ፤ ቢቀያየሩ የአክስሉ ዘንግ መሐሉን ይስታል፣ ኦይል ሲሉም ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ኳስ የመሰለውን ቤት ጀርባ በጣትህ ጥረገው። ወፍራም ጥቁር ግሪስ ከሆነ መልካም። ቀጥኖ እንደ ሾርባ የሚፈስ ከሆነ የውስጡ ኦይል ሲል አልቆ የዲፍረንሻሉ ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል። ይህ አክስሉን የማያስገዛ ጉድለት አይደለም፤ ግን ሁለቱም ወገን መፈታቱ የማይቀር ስለሆነ ዋጋ ላይ አንሳው። ሲታጠብ ኳሱ ያለበትን መገጣጠሚያ እየው፤ ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ላይ ጉድጓድ ካለ በጥግ ዙሪያ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ጭነት ላይ ደግሞ ይሰበራል። ግሪሱ ሞሊብዲነም ያለበት ይሁን፤ ቤቱን ሦስት አራተኛ ያህል ሙላ፣ አትጠቅጥቀው።

የጎማ ኩሽኔታው በ54 ሚሊሜትር ቁልፍ የሚፈታ ሁለት ዳዶ አለው፤ በመሐላቸው የሚታጠፍ ሮንዴላ። በመዶሻና በቺዝል የተመታ ዳዶ ካየህ ከዚያ በፊት የነካው ሰው ቁልፍ አልነበረውም ማለት ነው፤ ውስጡንም እንደዚያው ጠርጥር። ሲገጠም የውስጡን ዳዶ ወደ 60 ኒውተን ሜትር አጥብቀህ ሃብዋን ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ታዞራታለህ፤ ከዚያ ፈታ አድርገህ እንደገና በቀስታ ትይዘዋለህ። በአንድ የጎማ ቡሎን ላይ የዓሣ ሚዛን አስረህ ስትጎትት ከ2.8 እስከ 5.6 ኪሎ ላይ መዞር ከጀመረ ልኩ ነው። ከዚያ ሮንዴላውን፣ የውጭ ዳዶውን ወደ 45 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያም ሮንዴላውን አጥፎ መዝጋት። ያለ ሚዛን በእጅ ስሜት ብቻ የሚያጠብቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያላላዋል።

ጤፍ ጫኝ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አሁን የተናገሩትን ይዤ ነው የምሄደው። ሻጩ የፊቱ ዲፍረንሻል 4.1 ነው (ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ 4.1 ጊዜ ይዞራል) ይላል፣ የኋላው አክስል ግን ከሌላ መኪና የመጣ 4.3 ነው። «ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ጭቃ ላይ አይታወቅም» አለኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

አሮጌው መፍቻ፦
አይሆንም። የቁጥሩን ነገር ካምቢዮ ቤት ይንገርህ፤ እኔ መልሱን ብቻ ነገርኩህ።

ካምቢዮ ቤት፦
ጋሼ እንዳሉት ነው። ሃይሉክሱ መሐል ላይ ዲፍረንሻል የለውም፤ ፎር ዊል ስታስገባ የፊትና የኋላ ካርዳን አንድ ላይ ታስረው በእኩል ፍጥነት ይዞራሉ። ፊቱ 4.1፣ ኋላው 4.3 ከሆነ በየአንዱ ኪሎ ሜትር ሁለቱ ወደ 50 ሜትር ይለያያሉ። ያ 50 ሜትር የግድ የሆነ ቦታ መንሸራተት አለበት። ጭቃ ላይ ጎማው ይንሸራተትልሃል፤ ጠጠር መንገድ ላይ ሲደርስ ግን ክሮቼራው (የካርዳኑ መታጠፊያ መስቀል)፣ የትራንስፈሩ ጥርስ ወይም የፊቱ ፒኞን (ካርዳኑን የሚቀበለው የዲፍረንሻሉ ትንሽ ጥርስ) ይሸከመዋል። ማርሹ ከፎር ዊል አልወጣ ብሎ የሚይዘውም በዚህ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ሁሉም ነገር ልክ ቢሆን እንኳ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አይገባም።

የሻጭ ቃል አያስፈልግህም፤ ራስህ ቁጠር። አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳ፣ ሌላው መሬት ይዞ ይቁም፣ ማርሹ ባዶ ይሁን። ካርዳኑ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። የተነሳውን ጎማ 20 ሙሉ ዙር አዙር። ካርዳኑ 41 ዙር ከሄደ 4.1 ነው፤ 43 ከሄደ 4.3፤ 45 ተኩል ያህል ከሄደ 4.556፤ ወደ 49 የቀረበ ከሆነ 4.875። ሁለት ዙር ብቻ አዙረው የሚወስኑ አሉ፤ በሁለት ዙር 4.1ና 4.3 አይለዩም። የወጣ አክስል ከሆነ አንዱን ወገን በሰንሰለት እሰረውና በተመሳሳይ መንገድ ቁጠር። ዲፍረንሻሉ የመንሸራተት መከላከያ ካለው ግን ይህ ዘዴ ስለማይሠራ ሁለቱንም ጎማ አንስተህ አብረው 10 ዙር አዙር።

የትኛውን ምረጥ? ለ2ኤል 4.556ን። ምክንያቱ ጎማው ነው። አሁን የምትነዳው ምናልባት 185አር14 ነው፤ ቁመቱ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የፎር ዊሉ 205አር16 ደግሞ ከ73 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ትልቁ ጎማ ማርሹን ወደ 12 በመቶ ያከብድብሃል። 4.556 በትልቁ ጎማ ላይ፣ በትንሹ ጎማ ላይ እንደ 4.05 ሆኖ ነው የሚሰማው። 4.1ን ብትወስድ እንደ 3.64 ይሆንና አቀበት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ትለምናለህ። በዚያ ላይ ተርቦ የሌለው ናፍጣ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ ደጋ ላይ ለሚሠራ 2ኤል ይህ ቀላል አይደለም።

ፎር ዊል ስታደርገው ቸርኬውም ይቀየራል። ቱ ዊሉ ባለ 5 ቡሎን፣ 114.3 ሚሊሜትር ነው፤ ፎር ዊሉ ባለ 6፣ 139.7። የኋላውን አክስል ከፊቱ ጋር ከአንድ መኪና የምትወስድበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው፤ አለዚያ ሁለት ዓይነት መለዋወጫ ጎማ ተሸክመህ ትሄዳለህ።

ደብል ጋቢና፦
ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ለዚህ ሥራ በእርግጥ ፎር ዊል ያስፈልጋል? ባዶ ፒክአፕ የሚሰምጠው ኋላው ስለሚቀል ነው። ጥርሱ የሰፋ የጭቃ ጎማ፣ የኋላ ዲፍረንሻል ላይ መንሸራተት መከላከያ፣ ካሶኒው ላይ ከአክስሉ በላይ ሁለት ሦስት ኩንታል አሸዋ፣ በዚያ ላይ የጎማ ሰንሰለት። ከዚህ ሥራ አሥረኛው ወጪ አይሆንም።

ብረት ለብረት፦
ለአብዛኛው ሰው ልክ ነህ፤ መጀመሪያ ይሄ ይሞከር እላለሁ። የጎማው አየር ጭቃ ውስጥ ወደ 1.2 ባር ቢወርድ ብቻውን ብዙ ለውጥ አለው (ወደ ጠንካራ መንገድ ሲወጣ ግን ወዲያው መሞላት አለበት፤ ጭነት ይዞ በላላ ጎማ መሮጥ ጎማውን ያቃጥላል)። መረሬ ግን ሌላ ነገር ነው። የጎማው ጥርስ መሐል ተጣብቆ ጎማውን በአንድ ዙር ለስላሳ ያደርገዋል፤ የፊቱ ጎማ ካልጎተተ ኋላው የሚሠራው ጉድጓዱን ማጥለቅ ብቻ ነው። የፊት እግሩ ከፍታም አለ፤ ቱ ዊሉ ሆዱ ጭቃው ላይ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ግን ለሁሉም ልበል፦ የኋላ ዲፍረንሻሉን በብየዳ አስሮ «ሎክ አደረግሁት» የሚባለውን አትቀበሉ። አስፋልት ላይ በእያንዳንዱ ኩርባ አንዱ ጎማ መጎተት ስላለበት የአክስሉ ዘንግ ይጠመዘዛል፤ ዝናብ ላይ ኋላው ያመልጣል።

ሻርጃ፦
ከዚህ ወገን አንድ ሐሳብ፦ የሻርጃ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ከጋቢናው ፊት የተቆረጠ «ግማሽ ቁርጥ» ይሸጣል፤ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ትራንስፈርና የፊት አክስል አብሮ። ዋጋው ለየብቻ ከመሰብሰብ ይሻላል። ግን የምትገዙት መሪው በየትኛው ወገን እንደሆነ አረጋግጡ፤ የቀኝ መሪ መኪና የመሪ ሳጥን ለእኛ አይሆንም። የፊት ዲፍረንሻሉ ያለበት ወገንና የትራንስፈሩ የፊት መውጫ ያለበት ወገን አንድ መሆኑንም በዓይናችሁ እዩ፤ በተለይ አክስሉ ከሌላ ሞዴል ወይም ከሌላ ፋብሪካ ከሆነ።

ቶርኖ፦
ስለ ካርዳን ማንም አልጻፈም። የመኪናው መንቀጥቀጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የፎር ዊል ካምቢዮ ከትራንስፈሩ ጋር ከቱ ዊሉ ይረዝማል፤ ስለዚህ የኋላው ካርዳን ማጠር አለበት፣ የፊቱ ደግሞ አዲስ ነው። ርዝመቱን የምትለካው መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ካምቢዮው በመጨረሻ ቦታው ታስሮ፣ ባሌስትራው ክብደት ተሸክሞ ነው። አክስሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የተለካ ካርዳን ሁልጊዜ ይረዝማል። ተንሸራታቹ ጥርስ በዚያ አቋም ላይ ወደ ውስጥ ለመግባት ቢያንስ ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር ቦታ ይቅርለት፤ ያ ቦታ ከሌለ ባሌስትራው ሲጨመቅ ካርዳኑ ትራንስፈሩን ወደ ፊት ገፍቶ ኩሽኔታውን ይበላል።

ሲቆረጥ ሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር መሆናቸው በጭረት ምልክት ይደረግና በዚያው ምልክት ይበየዳል። ጥቂት ዲግሪ ቢጠመዘዝ እንኳ ፍጥነቱ በየዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ብየዳው ቶርኖ ላይ ታስሮ፣ መጀመሪያ በአራት ነጥብ ተይዞ፣ በመለኪያ ሰዓት ተለክቶ ነው፤ መወላገዱ ከ0.8 ሚሊሜትር ካለፈ እንደገና ይፈታል። ከዚያ ሚዛን።

አንግሉም አለ። የትራንስፈሩ መውጫና የዲፍረንሻሉ ፒኞን ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ ባያልፍ ይመረጣል። የኋላው አክስል ላይ ለባሌስትራው መቀመጫ ከመበየዱ በፊት ይህ ይለካል። የፊቱ ላይ ችግሩ ሁለት ነው፤ ፒኞኑን ወደ ላይ ባዞርክ ቁጥር የጎማው ወደ ኋላ ማዘንበል ይቀንሳል፤ ያ ሲቀንስ መሪው ቀጥ ብሎ አይሄድም። የፊቱ ካርዳን ብዙ ጊዜ ሥራ ስለሌለው እኔ የማስቀድመው መሪውን ነው፤ ማዘንበሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይሁን፣ በባሌስትራውና በአክስሉ መሐል በሚገባ የብረት ሽብልቅ ይስተካከላል። የአሉሚኒየም ሽብልቅ ጭነት ላይ ይሰነጠቃል፤ ብረት አድርጉ።

ጤፍ ጫኝ፦
ቶርኖ፣ አመሰግናለሁ። የራሴ ሻንሲ ላይ የሚሠራ ከሆነ ብየዳው እንዴት ይሁን?

ብረት ለብረት፦
የድሮዎቹ የክንድ መያዣዎች ሲቆረጡ የሻንሲውን ግድግዳ ሳይነኩ፣ ከብየዳው 2 ሚሊሜትር ተርፎ፣ የተረፈው በግራይንደር ነው የሚለሰልሰው። የባሌስትራው መያዣዎች ባዶ ሻንሲ ላይ በቀጥታ አይበየዱም። መጀመሪያ 4 ሚሊሜትር ላሜራ ጫፎቹ ሰያፍ ተቆርጠው ይደረባል። ሻንሲውን አቋርጦ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ብየዳ መስመር ይሆንና ብረቱ እዚያው ይሰነጠቃል። የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ላይ አቋርጦ ፈጽሞ አይበየድም። ኤሌክትሮዱ ኢ7018፣ 2.5 ሚሊሜትር፣ ደረቅ ይሁን፤ እርጥበት የነካው ኤሌክትሮድ ውስጡ ቀዳዳ ያለበት ብየዳ ይሰጣል። ባትሪው ይፈታ፣ የመሬት ሽቦው ለብየዳው ቅርብ ይታሰር፤ ርቆ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎች ውስጥ ያልፋል።

ቡሎን ሻንሲውን አቋርጦ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ውስጡ ቧንቧ ይበየዳል፤ አለዚያ ቡሎኑ ሲጠብቅ ሳጥኑ ይጨመቃል፣ ከሳምንት በኋላ ይላላል። የመሪ ሳጥኑ መያዣ ይህ ከሌለው በየጉድጓዱ ይተነፍሳል፤ አብዛኛው የተሰነጠቀ ሻንሲ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ከመጨረሻው ብየዳ በፊት ሁለቱም አክስሎች በነጥብ ተይዘው በሰያፍ ይለኩ፤ ከግራ የፊት ጎማ መሐል እስከ ቀኝ የኋላ፣ ደግሞም በተቃራኒው።

ናፍጣ 88፦
ፍሬኑን ልጨምር። ማስተር ሲሊንደሩንና ሰርቮውን ከኤልኤን106 ጋር አብራችሁ አምጡ፤ የፊቱ ካሊፐር የተለየ ስለሆነ በድሮው ማስተር የፔዳሉ መውረድ ሊረዝም ይችላል። ጎማ ቱቦዎቹ እግሩ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ እንዳይወጠሩ ይለኩ።

ከሻንሲው ወደ ኋላ አክስል በዘንግ የተያያዘው የፍሬን ቫልቭ ጭነቱን የሚያውቀው በሻንሲውና በአክስሉ መሐል ባለው ርቀት ነው። መኪናው ከፍ ሲል ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ያስባል፣ ለኋላው ፍሬን ይቀንሳል። ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ፊቱ ብቻ ይሠራና ይግላል። መፍትሔው አክስሉ ላይ ያለውን የዘንጉን መያዣ መኪናው በተነሳበት ልክ ማንሳት ነው። ቫልቩን አውጥቶ ቧንቧውን በቀጥታ ማገናኘት ግን አይሁን፤ ባዶ መኪና እርጥብ አስፋልት ላይ ኋላው ተቆልፎ ይዞራል።

የዲፍረንሻሎቹ መተንፈሻም በጎማ ቱቦ ወደ ጋቢናው ከፍታ ይነሳ። ሞቆ የነበረ ዲፍረንሻል ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀዝቅዞ ይስባል፤ መተንፈሻው ታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው።

ጤፍ ጫኝ፦
ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። መጀመሪያ ወደ መንገድ ትራንስፖርት፣ ከዚያ ሻንሲ ፍለጋ። ሥራው አልቆ ሲነሳ የመጀመሪያው ቀን ምን ይደረግ? ዘይቱስ?

ካምቢዮ ቤት፦
መሬት ከመንካቱ በፊት ሻንሲው በአራት ጠንካራ መቆሚያ ላይ ይቁም፣ አራቱም ጎማ አየር ላይ። ሃቦቹን (የፊት ጎማውን ከአክስሉ ዘንግ ጋር የሚያያይዙትን መቆለፊያዎች) ቆልፍ፣ ፎር ዊል ሃይ (ፈጣኑን) አስገባ፣ አንደኛ ማርሽ ጋዝ ሳትረግጥ በስሎ ብቻ። አራቱም ወደ ፊት መዞር አለባቸው። የፊቱ ወደ ኋላ ከዞረ አክስሉ ከዚህ ትራንስፈር ጋር አይሄድም፤ ይህ ከሌላ ፋብሪካ አክስል ሲመጣ ይከሰታል። ከዚያ ሎው አስገብተህ አዳምጥ። ማርሹ ሲገባ የሚፋጭ ከሆነ የዘንጎቹ ማስተካከያ ላልቷል።

ዘይት፦ በጥርስ የሚሠራው ትራንስፈር 1.6 ሊትር ይወስዳል። ሁለቱ ዲፍረንሻሎች እያንዳንዳቸው ከ2 ሊትር ትንሽ በላይ፤ ልኩ ግን ከሊትሩ ይልቅ መሙያው ቀዳዳ ጠርዝ ነው፣ መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ቆሞ። ለዲፍረንሻል ጂኤል5 (የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው) ይሁን፤ ለካምቢዮው ጂኤል4ን እመርጣለሁ፤ አንዳንዱ ጂኤል5 የነሐስ ሲንክሮናይዘር ይበላል።

ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ የባሌስትራ ዩ ቡሎኖች፣ የካርዳን ቡሎኖች፣ የመሪ ሳጥኑና የካምቢዮ ተሸካሚው እንደገና ይጥበቁ። ዩ ቡሎን አንዴ ተፈትቶ ከሆነ አዲስ ይግባ፤ አሮጌው ይለጠጥና ጥብቀት አይይዝም። ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ የካምቢዮው፣ የትራንስፈሩና የሁለቱ ዲፍረንሻሎች ዘይቶች ይቀየሩ፤ የሚወጣው ዘይት ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ከግዢ በኋላ የመጣ ጩኸት ከየት እንደሆነ ይነግርሃል።

አሮጌው መፍቻ፦
ሃቦቹን በጋውን ፍታቸው፣ ግን በወር አንድ ቀን ቆልፈህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ጠጠር ላይ ንዳው። ዓመት ሙሉ ያልዞረ የፊት አክስል የላይኞቹ ክፍሎቹ ይደርቃሉ፤ ሐምሌ ላይ ስትፈልገው ኦይል ሲሉ ይቀደዳል። ሃቦቹ ሲቆለፉ ደግሞ ሁለቱም መቆለፋቸውን እይ፤ አንዱ ከቀረ የፊቱ ካርዳን ይዞራል እንጂ ጎማው አይጎትትም።